የኦዱን የዳታ ሞዴል ትርጉም በኮማንድ ላይን ማውጣትና መልሶ ማስገባት

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን አለ። ሚዛኑ ላይ የሚሠሩትን አዛውንት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጋዘኑ ገቢና ወጪውን ኦዱ በሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መመዝገብ ሲጀምር ማያ ገጹ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ይመዝኑና ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ማታ አንዲት ልጅ ወደ ኮምፒውተር ታስገባዋለች። ወረቀት ይጠፋል። 7ቱ 1 ይመስላል። ሒሳቡ አይገጥምም። ጋሼ እኮ ማንበብም መጻፍም ይችላሉ፤ ስልክ ላይም ጎበዝ ናቸው። የጎደለው በሚያውቁት ቃል የተጻፈ ማያ ገጽ ብቻ ነበር።

ያንን ማያ ገጽ የሠራሁት በኮማንድ ላይን፣ ማለትም ተርሚናል በሚባለው መስኮት ትእዛዝ እየጻፍኩ ነው። የመስኮችን (የመሙያ ቦታዎቹን) ስም፣ የምርጫ ዝርዝሮችንና አጫጭር ማብራሪያዎችን ከዳታቤዙ በፋይል አወጣሁ፣ ተረጎምኩ፣ መልሼ አስገባሁ። እርግጥ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ እየከፈቱ መተርጎምም ይቻላል። ግን ስቶክ የሚባለው የመጋዘን ሞጁል (የሶፍትዌሩ አንድ ክፍል) ብቻውን ከሺህ በላይ ሐረግ አለው። በፋይል ከሆነ ለሌላ ሰው መስጠት፣ ማተም፣ ማረም፣ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ የምሠራው በ16ኛው እትም ነው፤ በ17ኛውም አሠራሩ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ አጻጻፉ

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ትጽፏቸዋላችሁ። ትልልቅ የሆኑት የቋንቋ መለያው ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላትና ደረጃ 1 ላይ ያለው «ቲ» ብቻ ናቸው። አንድ ጭረትና ሁለት ጭረት ይለያያሉ፤ አጭሩ ትእዛዝ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት ጭረት ይይዛል። በመሃል ክፍተት በሌለበት ቦታ ክፍተት አትጨምሩ። «አይ18ኤን» የሚለው እንግዳ ነገር የአንድ ረጅም ቃል አጭር አጻጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው «አይ» እና በመጨረሻው «ኤን» መካከል 18 ፊደላት አሉ፣ ቁጥሩ እሱ ነው።

1. ቅጂ ሥሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ትርጉም የምታስገቡት መጀመሪያ በቅጂ ላይ ነው፣ ከዚያ ነው በዋናው። ኦዱ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በሚባል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። የኦዱን ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም) አቁሙና እንዲህ በሉ፦

ክሪኤትዲቢ -ቲ ቡና ቡና_ሙከራ

ትልቁ «ቲ» «ከዚህኛው ቅዳ» ማለት ነው (ይሄኛው ትልቅ ፊደል ነው)። «ቡና» ዋናው ዳታቤዝ፣ «ቡና_ሙከራ» ደግሞ አዲሱ ቅጂ። ዳታቤዙን ሌላ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ከሆነ ፖስትግሬስ አልቀዳም ይላል፤ ሰርቪሱን ያቆምነው ለዚህ ነው። በተጨማሪ ፒጂ_ደምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ ትእዛዝ አንድ ባክአፕ አውጡና ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። መብራት በመሃል ቢሄድ እንኳ አትደነግጡም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ላይ ደርሶብኛል። ከታች በምታዩት የኦዱ ትእዛዝ ውስጥ፣ ከ«-ዲ» በኋላ የዳታቤዙን ስም ስጽፍ አንድ ፊደል ገደፍኩ። ኦዱ «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ አይቆምም። ተጠቃሚው ፈቃድ ካለው በዚያ ስም አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል። ከዚያ ባዶው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል። እኔም ትርጉሙ ገባ ብዬ ጠበቅሁ፤ ማያ ገጹ ግን ያው እንግሊዝኛ። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። አሁን የዳታቤዞቹን ዝርዝር በፒኤስኪውኤል -ኤል አይቼ፣ ስሙን ገልብጬ ነው የምለጥፈው። በእጅ አልጽፍም።

2. ቋንቋውን አንቁ

አማርኛ በኦዱ የቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። መለያው ኤኤም_ኢቲ ነው። ግን እስኪነቃ ድረስ ተኝቷል። ቋንቋው ሳይነቃ ፋይል ብታስገቡ ሎጉ (የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ላይ «ቋንቋው አልተገኘም» የሚል መስመር ይወጣል እንጂ ማያ ገጹ ላይ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ፦

ኦዱ-ቢን -ሲ ኦዱ.ኮንፍ -ዲ ቡና_ሙከራ --ሎድ-ላንጉጅ=ኤኤም_ኢቲ --ስቶፕ-አፍተር-ኢኒት

ከ«-ሲ» ቀጥሎ የኦዱ የማዋቀሪያ ፋይል፣ ከ«-ዲ» ቀጥሎ የዳታቤዙ ስም ይመጣል። የመጨረሻው ቃል «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» ማለት ነው። ያለ እሱ ሰርቨሩ ተነሥቶ ይቀጥላል።

3. አውጡ

ኦዱ-ቢን -ሲ ኦዱ.ኮንፍ -ዲ ቡና_ሙከራ -ኤል ኤኤም_ኢቲ --ሞጁልስ=ቡና_ገቢ --አይ18ኤን-ኤክስፖርት=ቡና_ገቢ_አማ.ፒኦ

«ቡና_ገቢ» እኛ ለመጋዘኑ የሠራነው ሞጁል ነው። ስቶክን ወይም ግዥን ከፈለጋችሁ በነሱ ስም ተኩት። ብዙ ሞጁል ከሆነ በላቲኑ ኮማ ለዩት። እኔ ግን አንድ ሞጁል፣ አንድ ፋይል ነው የምለው። ስህተት ሲመጣ የት እንዳለ ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ቋንቋውን የሚናገረውን «-ኤል»ን ከረሳችሁ የሚወጣው ትርጉም የሌለበት ባዶ ቅርጽ ነው። ከዚህ በፊት የተተረጎመ ነገር ካለ አብሮ አይመጣም።

የፋይሉ ዓይነት ከስሙ መጨረሻ ይታወቃል። «ፒኦ» ብትሉ ለትርጉም ሥራ የተለመደው ፋይል ይወጣል። «ሲኤስቪ» ብትሉ ሰንጠረዥ ይወጣል። ለአብዛኛው ሥራ ፒኦን እመርጣለሁ። ሲኤስቪ የሚያስፈልግበትን አንድ ቦታ ከታች አሳያለሁ።

4. ፋይሉን አንብቡ

ፋይሉን ፖኤዲት በሚባለው የትርጉም ፕሮግራም ወይም በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱ። አንዱ ግቤት ይህን ይመስላል፦

#. ሞጁል፦ ቡና_ገቢ
#: ሞዴል፦አይአር.ሞዴል.ፊልድስ,ፊልድ_ዲስክሪፕሽን፦ቡና_ገቢ.ፊልድ_ቡና_ገቢ__ቴር_ዌይት
ኤምኤስጂአይዲ "ቴር ዌይት"
ኤምኤስጂኤስቲአር ""

የመጀመሪያው መስመር ሞጁሉን ይናገራል። ሁለተኛው አድራሻው ነው፦ ይህ ሐረግ የአንድ መስክ ስያሜ ነው፣ መስኩም «ቴር ዌይት» የሚባለው ነው። ሦስተኛው ምንጩ ነው፤ አትንኩት። ሥራችሁ አራተኛው መስመር ላይ ብቻ ነው። በጥቅሶቹ መካከል ትጽፋላችሁ።

አድራሻው የሚጀምርበት ቃል ብዙ ይናገራል። «ሞዴል፦» ብሎ ከጀመረ የዳታ ሞዴሉ ነው፤ የመስክ ስም፣ የመስክ ማብራሪያ፣ የምርጫ ዝርዝር፣ የሞዴሉ ራሱ ስም። «ሞዴል_ተርምስ፦» ከሆነ ማያ ገጹ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ውስጥ በማዕዘን ቅንፍ የተከበቡ ምልክቶች ካሉ እንዳሉ ተዉአቸው። «ኮድ፦» ከሆነ ደግሞ ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ የሚመጣ ነው፣ ለምሳሌ የስህተት መልእክት። ከ16ኛው እትም ጀምሮ የ«ኮድ» ሐረጎች ዳታቤዝ ውስጥ አይቀመጡም። በቀጥታ የሚነበቡት ከሞጁሉ የትርጉም ማኅደር ነው። ስለዚህ ፋይሉን በኮማንድ ላይን ብታስገቡም እነሱ አይለወጡም። ደረጃ 8 ላይ እንመለስበታለን። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው፤ «ግማሹ ገባ፣ ግማሹ አልገባም» ይላል።

ያልወጣም ነገር አለ። በእጃችሁ የመዘገባችኋቸው ዕቃዎች፣ የቡናው ዓይነት ስሞች፣ የመጋዘን መደርደሪያዎች ፋይሉ ውስጥ አይመጡም። ፋይሉ የሚይዘው ከሞጁል ጋር የመጡና የውጭ መለያ (ሞጁሉ የሰጣቸው ቋሚ ስም) ያላቸውን ብቻ ነው። በእጅ የተመዘገበውን ቅጹ ላይ፣ ከመስኩ ጎን ያለውን የቋንቋ ምልክት ተጭናችሁ ተርጉሙ። ጥቂት ስለሆኑ አይከብድም።

5. ቃሉን ከሚዛኑ አምጡ

ትእዛዙን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሥራው ዋናው ክፍል ይሄ ነው፣ ጊዜያችሁንም እዚህ አፍስሱ።

መጀመሪያ ሐረጎቹን በማሽን አስተርጉሜ ነበር። ውጤቱን አትሜ ወደ መጋዘኑ ይዤ ሄድኩ። ከሚዛኑ ጎን፣ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። «ለቀማ? እዚህ ማን ይለቅማል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ኦዱ «ፒኪንግ» የሚለው ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሰነድ ነው። ማሽኑ «ለቀማ» አለው። ጅማ ላይ ግን ለቀማ ማለት በጥቅምትና በኅዳር ቀዩን እሸት ከዛፍ ላይ ማውረድ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃ ሲያስረክቡ ያንን ወረቀት ምን ይሉታል?» አልኳቸው። «ርክክብ ነዋ፣ ልጄ።» ርክክብ ብዬ ጻፍኩ።

ሌሎቹም እንዲሁ ሄዱ። «ሎት» የሚለውን ማሽኑ «ዕጣ» ብሎታል። በመጋዘኑ ሁሉም ሰው «ሎት» ነው የሚለው፤ «የሎት ቁጥር» ብለን ተውነው። የተለመደን ቃል አማርኛ ለማድረግ ብላችሁ አታጥፉት። «ፓርችመንት» ደግሞ «ብራና» ሆኖ ነበር፣ መጽሐፍ የሚጻፍበት ቆዳ። እኛ «ከነገለፈቱ» አልነው። «ድራይ ቼሪ» ጀንፈል ነው፣ «ሬድ ቼሪ» እሸት ነው። ገበሬም ነጋዴም የሚያውቃቸው ቃላት እያሉ «ደረቅ ቼሪ» ብሎ መጻፍ ያሳዝናል። «ቴር ዌይት» ላይ ጋሼ ትንሽ አሰቡና «የጆንያው ክብደት» አሉ። አለቀ።

«ቬንደር» የሚለው ላይ ግን ቆምን። ቡናውን የሸጠልን ማለት ነው። ለላኪ መጋዘን ይህ ሰው አቅራቢ ነው። ለአቅራቢ መጋዘን ግን የሚሸጥለት ሰብሳቢው ወይም ራሱ ገበሬው ነው። አንዱ ቃል ከሁለቱ መጋዘኖች በአንዱ ስህተት ይሆናል። ትርጉሙ የሚያነበው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ትክክል የሚባል ቃል የለም። የኛ መጋዘን ከሰብሳቢዎች ስለሚገዛ «ሰብሳቢ» አልነው።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ኦዱ የሚያሳየው የቀን መቁጠሪያ የአውሮፓውያኑ ነው። መስኩን «የገባበት ቀን» ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት አንዱ በእኛው ይሞላል፣ ሌላው በነሱ። ዓመቱ በ7 ወይም በ8 ይራራቃል። እኔ «የገባበት ቀን (በአውሮፓ)» ብዬ ጻፍኩት። መስኩ ረዘመ፣ ግን ስህተቱ ቀረ።

ስለ ርዝመት ካነሣን፣ ዝርዝር ማያ ገጽ ላይ ያለው የዓምድ ራስ ጠባብ ነው። «ከጆንያው ክብደት ውጭ ያለው የቡናው ክብደት» ብትሉ ሦስት ነጥብ ሆኖ ይቆረጣል። «የተጣራ ኪሎ» በሉት፤ ዝርዝሩን የማብራሪያው መስክ ላይ አስፍሩ። ጠቋሚው ሲያርፍበት ይታያል።

የፊደል አጻጻፍም አንድ ይሁን። «ሠራተኛ» ወይስ «ሰራተኛ»፣ «ፀሐይ» ወይስ «ጸሐይ»፤ ምረጡና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ፊደል ነው። በአንዱ የጻፈ በሌላው ሲፈልግ አያገኝም። እኔ ከፋይሉ ጎን አንድ የቃላት ዝርዝር አስቀምጣለሁ፦ ምንጩ፣ ትርጉሙ፣ የተስማማነው አጻጻፍ። ሁለተኛውን ሞጁል ስትተረጉሙ ውለታውን ታያላችሁ።

አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲፈልግስ? እኛ ሞጁል ውስጥ «ስቴት» ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የሰብሳቢው አድራሻ ላይ ነው፣ ክልል ማለት። ሌላው የርክክቡ ላይ ነው፣ ሁኔታ ማለት። ፒኦ ፋይል ተመሳሳይ ምንጭ ያላቸውን አንድ ላይ ያስራል፤ ሁለት አድራሻ፣ አንድ ትርጉም። ሲኤስቪ ያስፈለገኝ እዚህ ላይ ነው። ሲኤስቪው ለእያንዳንዱ አድራሻ የየራሱ መስመር አለው። ስለዚህ ለሁለቱ መስመሮች ብቻ ትንሽ ሲኤስቪ አዘጋጅቼ ከፒኦው ቀጥሎ አስገባሁ። የራስጌው መስመር እንዳለ ይቆይ፣ የማትፈልጓቸውን መስመሮች ሰርዙ። ኤክሴል ላይ ዝም ብላችሁ ሁለቴ ተጭናችሁ አትክፈቱት፤ አማርኛው ወደ ማይነበብ ምልክት ይለወጥና እንደዚያው ሊቀመጥ ይችላል። ሊብረኦፊስ ሲከፍት ስለ ፊደል አቀማመጡ ይጠይቃችኋል፤ ዩቲኤፍ-8 በሉት።

6. ፈትሹ

ከመመለሳችሁ በፊት፦

ኤምኤስጂኤፍኤምቲ --ቼክ --ስታቲስቲክስ -ኦ /ዴቭ/ነል ቡና_ገቢ_አማ.ፒኦ

ይህ ጌትቴክስት ከሚባለው የትርጉም ሶፍትዌር ጋር የሚመጣ መሣሪያ ነው። ያልተዘጋ ጥቅስ፣ ሁለቴ የተጻፈ ግቤት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ስንቱ እንደተተረጎመ፣ ስንቱ እንደቀረም ይቆጥራል። ትርጉማችሁ ውስጥ የላቲኑ ድርብ ጥቅስ ካስፈለገ ከፊቱ ወደ ኋላ ያዘመመ ጭረት አድርጉ፤ ወይም «» ተጠቀሙና ተገላገሉ።

በዓይናችሁ ደግሞ የመቶኛ ምልክቶችን ፈልጉ። ምንጩ ላይ «%ኤስ» ካለ ትርጉሙም ላይ ይኑር። እዚያ ቦታ ላይ ስም ወይም ቁጥር ይገባል። ቦታውን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ማዛወር ይቻላል፣ መሰረዝ ግን አይቻልም። ሁለት «%ኤስ» ካሉ ግን ቅደም ተከተላቸውን አትቀይሩ።

7. መልሱ

አሁንም ቅጂው ላይ፦

ኦዱ-ቢን -ሲ ኦዱ.ኮንፍ -ዲ ቡና_ሙከራ -ኤል ኤኤም_ኢቲ --አይ18ኤን-ኢምፖርት=ቡና_ገቢ_አማ.ፒኦ --አይ18ኤን-ኦቨርራይት

የመጨረሻው ቃል «የነበረውን ሽረህ አዲሱን አስቀምጥ» ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ባይኖርም ችግር የለውም። ቃል አርማችሁ ስትመልሱ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አሮጌው ይቀራል። በሌላ በኩል ሌላ ሰው ማያ ገጹ ላይ በእጁ ያረመው ትርጉም ካለ ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ አውጡ፣ ከዚያ አርሙ፣ ከዚያ መልሱ። የወር ዕድሜ ያለው ፋይል አንሥታችሁ አትመልሱ።

ትእዛዙ ሲጨርስ ራሱ ይወጣል። ሰርቪሱን አስነሡ፣ ቅጂውን ክፈቱ፣ በተጠቃሚው ምርጫዎች ውስጥ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀይሩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ይመርጣል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ መቀጠል ከፈለገች ማንም አይነካትም። ዳታቤዙ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ነው ያሉት። ከ16ኛው እትም ወዲህ የአንድ መስክ ስያሜ በሁሉም ቋንቋ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ከመለያው ጋር።

ቅጂው ላይ የሚሠራበት ሰው አንድ ሙሉ ርክክብ ይመዝግብበት። እናንተ ሳትሆኑ እሱ። ጋሼ ሲሞክሩ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። የት ቆሙ፣ የቱን ቃል ሁለቴ አነበቡ፣ ያንን ጻፍኩ። አራት ቃል ለወጥን። ከዚያ ያንኑ ትእዛዝ በዋናው ዳታቤዝ ስም ደገምኩት። ዋናው ላይ ቋንቋውን ማንቃት እንዳትረሱ፤ ደረጃ 2 ለቅጂው ብቻ ነበር። ካስገባችሁ በኋላ ሰርቪሱን አቁማችሁ እንደገና አስነሡ፤ አሮጌው ስያሜ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

8. ለዘለቄታው አስቀምጡ

ሞጁሉ የራሳችሁ ከሆነ የተጠናቀቀውን ፒኦ «አይ18ኤን» የሚባለው ማኅደር ውስጥ፣ «ኤኤም.ፒኦ» ብላችሁ አስቀምጡ። ሞጁሉ ሌላ ቦታ ሲጫን ትርጉሙ አብሮ ይገባል። ቅድም ያነሣናቸው የ«ኮድ» ሐረጎችም የሚነበቡት ከዚህ ነው። የሌላ ሰው ሞጁል ከሆነ ማኅደሩን አትንኩ፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይጠፋል። ፋይሉን ለብቻ አስቀምጡና ከማሻሻያው በኋላ እንደገና አስገቡ። ጊት የሚባለውን የለውጥ መከታተያ የምትጠቀሙ ከሆነ ፒኦ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የትኛው ቃል መቼ እንደተለወጠ መስመር በመስመር ታያላችሁ።

ሁለተኛው ቋንቋ

ወደ መጋዘኑ የሚመጣው ብዙው ገበሬና ሰብሳቢ ከጋሼ ጋር የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። የሚፈርምበት ደረሰኝ ግን በአማርኛ ነው የሚወጣው። ይህ ልክ አይደለም፤ ሰው የሚፈርምበትን ማንበብ አለበት። አሠራሩ ከላይ ያለው ነው፣ መለያው ኦኤም_ኢቲ ይሆናል። ዝርዝሩ ውስጥ ካላገኛችሁት ቋንቋዎች በሚለው ማያ ገጽ ገብታችሁ፣ ስሙንና መለያውን ሞልታችሁ ራሳችሁ መዝግቡትና አንቁት። ማስገቢያው ትእዛዝ የሚያየው መለያው መንቃቱን ብቻ ነው። በቁቤ ስትጽፉ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ሁዳን (ነጠላ ጥቅስ የምትመስለውን ምልክት) ስልክ ላይ ከጻፋችሁ ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ሆና ትመጣለች፣ ኮምፒውተር ላይ ቀጥ ያለች። እንደ «ሠ» እና «ሰ» ፍለጋ ላይ ታስቸግራለች፣ አንዷን ምረጡ።

ቃላቱን ግን ከአማርኛው ፋይል አልተረጉምም። ከሚዛኑ ነው የማመጣው። የመጀመሪያዎቹ 40 ሐረጎች ታትመዋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበሬው ከመብዛቱ በፊት፣ ከጋሼ ጋር ጆንያው ላይ እንቀመጣለን።